የፕሮሶፒስ ፍሬ ለከብትና ለፍየል፦ ምን ያህል፣ እንዴት?

ጥያቄ፦ የምንኖረው መካከለኛው አዋሽ አካባቢ ነው። በበጋ ሣር ሲያልቅ እንስሶቻችን የረገፈ የፕሮሶፒስ (ደርጊ ሃራ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ) ፍሬ እየለቀሙ ይከርማሉ። አንዲት ላማችን ግን መንጋጋዋ ተንጋዷል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ማመስኳትም አቅቷታል። ፍሬው ይሆን? እንከልክላቸው?

መልስ፦ ፍሬውን ለወራት ዋና ምግባቸው ባደረጉ ከብቶች ላይ ይህ ምልክት የታወቀ ነው። በፍሬው ውስጥ ያሉት እንደ ጁሊፕሮሶፒን ያሉ አልካሎይዶች (የእፅዋት መርዞች) መንጋጋን የሚያዙትን የአንጎል ነርቮች ይጎዳሉ፤ ጡንቻው ይመነምናል፣ ላሟ ማኘክ እያቃታት ትከሳለች። ፍሬውን ዛሬውኑ ያቋርጡላት። የእብድ ውሻ በሽታም ለሃጭ ያዝረበርባል፣ መንጋጋ ያልፈሰፍሳል፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያያት እጅዎን ወደ አፏ አያስገቡ።

ለሌሎቹ ግን ፍሬው በልኩ ከሆነ ጥሩ መኖ ነው። ስኳሩ ብዙ ነው፤ ፕሮቲኑም ከ10 እስከ 14 በመቶ ይደርሳል። ችግሩ ከፕሮቲኑ ብዙ ድርሻ ያለው በዘሩ ውስጥ መሆኑ ነው። ዘሩ ድንጋይ ነው፤ ሳይሰበር ከተዋጠ እንዳለ ከእበት ጋር ይወጣል። ፕሮቲኑ ይባክናል፣ ዛፉም በየእበቱ እየበቀለ ግጦሹን ይወርራል። መፍጨት የግድ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ፍሬውን ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር በፀሐይ ያድርቁት። ከተለመጠ ገና እርጥብ ነው፤ ስኳሩ ተጣብቆ የወፍጮውን ወንፊት ይደፍናል፣ ጆንያ ውስጥም ይሻግታል። የሻገተውን ይጣሉት። ከወፍጮ ሲወጣ ዱቄቱን በጣትዎ አሽተው ይዩ፤ ሙሉ ዘር ካገኙበት እንደገና ያስፈጩት።

መጠኑ ከዕለቱ መኖ ከአምስት አንዱን እጅ አይለፍ። 25 ኪሎ ለምትመዝን ፍየል ከ150 እስከ 200 ግራም፣ 250 ኪሎ ለሚመዝን ከብት 1 ኪሎ ገደማ ከድርቆሽና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅለው ይስጡ። በሩቡ ጀምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉ መጠኑ ላይ ይድረሱ፤ ድንገት ከበዛ ጨጓራቸው ውስጥ አሲድ ይበዛል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ተቅማጥም ይከተላል። ዱቄቱን እየለኩ ሰጥተው ከብቶቹን ፍሬ ወደረገፈበት ጫካ ከለቀቋቸው ግን ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ የግራር ቅጠል ታኒን (አፍ የሚይዝ ንጥረ ነገር) አለው ይባላል። ፍየሎችን ይጎዳል?

መልስ፦ በመጠኑ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ታኒን ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ በመጀመሪያው ጨጓራ እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል፤ ደም መጣጩን የጨጓራ ትልም ያዳክማል። ታኒኑ ከደረቅ መኖው 5 በመቶ ሲያልፍ ግን ምግቡ አፋቸውን ይይዛቸዋል፣ መብላት ይቀንሳሉ። ቅጠሉን በጥላ አድርቀው ከድርቆሽ ጋር ቢቀላቅሉት ይሻላል። ቅጠሉን በሉ ብለው የትል መድኃኒት አይተዉ፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጠው ይዩ፤ ውስጡ ከነጣ ፍየሏ መድኃኒት ያስፈልጋታል።