መድኃኒት ቀስ ብለው ስለሚለቁ ፖሊመሮች ጠይቁኝ

ሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ ፕላስቲክ እንዴት አይጎዳም?
ፖሊመር ማለት ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሞለኪውል ነው፤ ሁሉም አንድ አይደለም። በብዛት የሚሠራበት ፒኤልጂኤ የተገነባው ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ ነው። የሰውነት ውኃ ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል፤ እነዚሁ አሲዶች ይቀራሉ። ላክቲክ አሲድን ስንሮጥ ጡንቻችን ራሱ ያመርተዋል። መጨረሻ ላይ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ሆኖ ይወጣል። ራሱ የሚሟሟው የቀዶ ሕክምና ክርም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

አንድ መርፌ ወር እንዲቆይ የሚያደርገው ምንድን ነው?
ዋናው የሁለቱ አሲዶች ቅልቅል ነው። 50 ለ50 ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ገደማ ይፈርሳል። ላክቲኩ ሲበዛ ውኃ እንደ ልብ ስለማይገባ ይዘገያል። የሰንሰለቱ ርዝመትና መድኃኒቱን የያዘው የፖሊመር ቅንጣት መጠንም ለውጥ ያመጣሉ። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ሉፕሮን ዲፖ እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በዚህ መንገድ ተሠርቶ ነው።

ለእኔ ከባዱ ጉዳይ ግን አጀማመሩ ነው። ቅንጣቱ ላይ ላዩን የቀረው መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን በአንዴ ሊወጣ ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ለአእምሮ ሕመም በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው የሪስፔሪዶን መርፌ፣ ሪስፐርዳል ኮንስታ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያህል የሚለቀው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ክኒኑ ይቀጥላል። «መርፌውን ተወግቻለሁ» ብሎ ክኒኑን ወዲያው ማቆም በሽታውን ሊያገረሽ ይችላል። እባካችሁ ይህን ለቤተሰብም ንገሩ።

ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያስ ይሟሟል?
አይሟሟም። ሆርሞኑ በፖሊመሩ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፣ ዘንጉ ግን እንዳለ ይቀራል። ጊዜው ሲያልቅ በባለሙያ መውጣት አለበት።

ለአንጎል ዕጢስ ይሠራበታል?
አዎ። ግሊያዴል የሚባሉት ስስ ዝርግ ክቦች እ.ኤ.አ. በ1996 ተፈቅደዋል። ሐኪሙ ዕጢውን ካወጣ በኋላ ክፍተቱ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ካርሙስቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት እዚያው ይለቃሉ። የተሠሩበት ፖሊአንሃይድራይድ የተባለው ፖሊመር እንደ ሳሙና ከላይ ወደ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ፒኤልጂኤ ግን ውስጡም አብሮ ይፈርሳል።

ቀስ ብሎ የሚሠራ ክኒን ትልቅ ስለሆነብኝ ጨፍልቄ እውጠዋለሁ። ችግር አለው?
አዎ፣ አለው እህቴ! ብዙዎቹ ውኃ ሲነካቸው እንደ ጄል የሚያብጥ ፖሊመር አላቸው። ያ ጄል ነው መድኃኒቱን የሚያዘገየው። ከተጨፈለቀ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት የታሰበው መጠን በአንዴ ሊለቀቅ ይችላል፤ በአንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ይህ ሕይወት ያጠፋል። ለሁለት መከፈል የሚችሉ አሉ፤ ያንቺው ከእነሱ አንዱ መሆኑ ግን በግምት አይታወቅም። መዋጥ ካስቸገረሽ ፋርማሲስትሽን ጠይቂ፤ ፈሳሽ ወይም ሌላ ዓይነት ሊገኝ ይችላል።