አናጢ ሳትሆን ካያክ መሥራት ትችላለህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ የዛሬ ሁለት ዓመት ጭንቀት ትዝ አለኝ። «አናጢነት አላውቅም፣ አንድ መኪና የሚይዝ ጋራዥ ነው ያለኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሽታውን ፈርታለች። የእንጨት ካያክ፣ ያቺን ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ፣ ተቆርጦ በሚመጣ ኪት መሥራት እችላለሁ ወይ?» ነው ያልከው። ትችላለህ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ ውስጥ ሠርቼ፣ ይኸው ሁለተኛ ሰመሬን እየቀዘፍኩበት ነው። ግን አንተን ያስፈራህና እኔን ያስቸገረኝ ነገር አንድ አይደለም።

እንጨቱን አትፍራው። ቆረጣው አልቆ ነው የሚመጣልህ። የእኔ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፐርሳቶ ነበር፤ በማሽን ተቆርጦ የመጣ። እንጨቱ ኦኩሜ ይባላል፣ ጋቦን የሚበቅል ዛፍ ነው፣ ቀላልና በደንብ የሚታጠፍ። ጠርዝና ጠርዙን ትገጥማለህ፣ በመዳብ ሽቦ ትሰፋዋለህ፣ ከዚያ ስፌቱን በኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚደርቅ ጠንካራ ማጣበቂያ፣ ታጣብቃለህ። ምስማር የለም። ይህ ዘዴ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ አገር በወጣችው ሚረር በተባለች ትንሽ የሸራ ጀልባ ነው። ያኔም የታሰበችው ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ተራ ሰው ነበር። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። ጣና ዳር ወይጦዎቹ ደንገል በገመድ እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ሽቦውን ማሰር ስጀምር መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው። ጀልባ በስፌት መያዙ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ኪት ስትመርጥ መልኩን አይተህ አትወስን። ክብደትህንና የጫማ ቁጥርህን ይዘህ ሂድ። ካያክን የፈጠሩት የሰሜን ዋልታ ሰዎች፣ እነ ኢኑይት፣ በባለቤቱ አካል ልክ ነበር የሚሠሩት። እግርህ የማይገባበት ካያክ ሸክም ነው። አናፖሊስ ያለው ቼሳፒክ ላይት ክራፍት የተባለው የኪት አምራች ከአንተ ሩቅ አይደለምና ሄደህ ካያኮቹ ውስጥ ብትቀመጥ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሽቦውን አስረህ ስትጨርስ ጀልባው ጀልባ ይመስላል። ደስ ይልሃል፣ ቶሎ ማጣበቅ ያምርሃል። ቆይ። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ፈልግ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ በአግድም አስቀምጥና ጎንበስ ብለህ አንዱን በሌላው ላይ አነጣጥረህ እይ። ዘንጎቹ ትይዩ ካልሆኑ ጀልባው ተጠማዟል ማለት ነው። ያኔ ጥቂት ሽቦ ማላላት፣ ከካቫሌቶው ሥር ሽብልቅ ማስገባት ይበቃል። ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም። እድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን እየጎተተህ ትቀዝፋለህ። እኔ ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሰጠሁ፣ አልቆጨኝም።

ኢፖክሲው ነው ትዕግሥት የሚፈልገው። ሬዚን የሚባለውን ዋና ፈሳሽና ሃርድነር የሚባለውን ማድረቂያ ትቀላቅላለህ። ልኩ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ 2 ለ 1 ነው፣ አንዳንዱ 5 ለ 1። ግምት አይሠራም። ሃርድነር ከልኩ ስላበዛህ ቶሎ አይደርቅም፣ እንዲያውም በደንብ ሳይደርቅ ይቀራል። እኔ አንድ ምሽት ፈሳሾቹን የምለካበት ፓምፕ አየር መያዙን ሳላይ ቀባሁ። በሦስተኛው ቀንም እንደ ሙጫ እጅ ይይዝ ነበር። አንድ ሜትር ተኩል ያህሉን ፍቄ፣ ጠርጌ፣ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ በትንሽ ሚዛን ነው የምለካው። ልብ በል፣ በክብደትና በይዘት የሚሰጠው ልክ አንድ አይደለም፣ ጣሳው ላይ ያለውን አንብብ። ኩባያ ውስጥ ብዙ በጥብጠህ አታቆይ፣ ይግላል፣ ይጨሳል። ሰፊ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሰው።

የውስጡን ስፌት የምትሞላው ኢፖክሲውን ከደቀቀ የእንጨት ዱቄት ጋር አሽተህ ነው። ሻካራ ሰጋቱራ አይሆንም፣ እንደ ዱቄት የላመ ይሁን። ማንኪያው ላይ ቆሞ የማይወርድ ወፍራም ገንፎ ሲመስል ደርሷል። በላዩ የፋይበርግላስ ጨርቅ ታለብሳለህ። ነጩ ጨርቅ ኢፖክሲውን ሲጠጣ እንደ መስታወት ይጠራና የእንጨቱ መልክ ብቅ ይላል። ከሥራው ሁሉ የምወደው ያን ሰዓት ነው።

የመቀባቱን ሥራ ጠዋት ፀሐይ እየወጣ አትሥራ። እንጨቱ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር እየወጣ አረፋ ይሠራብሃል። ማታ ሙቀቱ ሲወርድ ቀባ። የደረቀው ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ካየህ በውሃና በስፖንጅ እጠበው። ሳታጥብ ብርጭቆ ወረቀት ከጀመርክ ቅባቱን እዚያው ታሸዋለህ፣ ቀጣዩ ሽፋን አይዝም።

ስለ ባለቤትህ ስጋት። ሽታው ከተራ ቀለም ያነሰ ነው። እሷ መፍራት ያለባት ሌላውን ነው። ያልደረቀ ኢፖክሲ ደጋግሞ ቆዳ ከነካ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ በጥቂቱም ይነሳብሃል። ሁልጊዜ ጓንት አድርግ። እጅህን በአሴቶን አትታጠብ፣ በሳሙና ታጠብ። ለመሣሪያው አቼቶ ይበቃል። ስትፍቅ ደግሞ ጥሩ ማስክ አድርግ፣ ወደ ቤት የሚያስገባውን በር ዝጋ፣ ልብስህን እዚያው አውልቅ። ልጆች ካሉ ይህን አጥብቀህ ያዝ።

ብርጭቆ ወረቀቱ ይሰለቻል፣ ሌላ የምለው የለኝም። በመጨረሻ ቫርኒሹን አትዝለል። ኢፖክሲ ብቻውን ፀሐይ አይችልም። ከፀሐይ የሚከላከል የጀልባ ቫርኒሽ ያስፈልገዋል።

በጠቅላላው 110 ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፣ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ። ኪቱ ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ ለቫርኒሽ፣ ለጓንትና ለብርጭቆ ወረቀት ተጨማሪ ያዝ። የእኔ 5 ሜትር ያልፋል፣ ግን ብቻዬን ትከሻዬ ላይ ነው የማወጣው። ቤዝመንት ውስጥ ለመሥራት ካሰብክ በደረጃው እንደሚወጣ አስቀድመህ ለካ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያወረድኩት ሊትል ሴኔካ ሐይቅ ላይ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ እመክርሃለሁ። ላይፍ ጃኬቱን ልበሰው እንጂ ከኋላህ አትሰረው። በፀደይ አየሩ ሲሞቅ ውሃው ገና በረዶ ነው።

ሽቦውን አስረህ የምትጨርስበትን ቀን ጻፍልኝ። ሁለቱን ዘንጎች ይዤ እመጣለሁ፣ ሳታጣብቅ አብረን እናየዋለን።