ክራንኩ ረዝሞብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቁመቴ 1.63 ሜትር ነው። ኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) ስነዳ ሜዳውም ዳገቱም ብዙ አያስቸግረኝም። ችግሩ መሪውን ከታች በኩል ይዤ ሳጎነብስ ነው፤ ጉልበቶቼ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ዳሌዬም ኮርቻው ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ረጅም መንገድ ነድቼ ስመለስ ደግሞ የግራ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ክራንኬ፣ ማለትም ፔዳሉን ከመሃሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ 172.5 ሚሊ ሜትር ነው። ወንድሜ «አጭር ክራንክ ካስገባሽማ ዳገት ላይ ትቀሪያለሽ» እያለ ያስፈራራኛል። ልቀይረው ወይስ ልተወው? ከቀየርኩስ ስንት ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ቀይሪው ባይ ነኝ። ግን ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት የምታዪው ነገር አለ፤ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ወንድምሽን እንመልስለት።

የሚለው ነገር ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። የክራንኩ ክንድ ሲረዝም፣ እግርሽ በዚያው መጠን ቢገፋም ዘንጉን የማዞር ኃይሉ ይጨምራል። የዘነጋው ነገር እግርሽ የሚዞረውን ክብ ነው። በ172.5 ክራንክ እግርሽ በአንድ ዙር 1,084 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ165 ደግሞ 1,037። ስለዚህ በረጅሙ በደቂቃ 90 ዙር ስትረግጪና በአጭሩ 94 ዙር ስትረግጪ የእግርሽ ፍጥነት ያው ነው። ከበደኝ ካልሽ ደግሞ ማርሽ ለምን ተፈጠረ? ከኋላ በ24 ጥርስ ትወጪው የነበረውን ዳገት በ25 ውጪው፤ ፔዳሉ ላይ የሚሰማሽ ክብደት ከበፊቱ ጋር ይቀራረባል።

ተመራማሪዎቹ ጂም ማርቲንና ዋኒን ስፒርዱሶ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ 16 የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን ከ120 እስከ 220 ሚሊ ሜትር በሚደርሱ ክራንኮች ባላቸው አቅም ሁሉ እንዲረግጡ አድርገው ነበር። ከሁሉ የበለጠ ኃይል በተገኘበት ርዝመትና ከሁሉ ባነሰበት መካከል የታየው ልዩነት 4 በመቶ ገደማ ነው። የተለካው የጥቂት ሰከንድ ሩጫ እንጂ የሰዓታት ጉዞ አለመሆኑን አልደብቅሽም። ቢሆንም በ100 ሚሊ ልዩነት የታየው ይህን ያህል ከሆነ፣ አንቺና ወንድምሽ የምትከራከሩበት 7.5 ሚሊ ምን ያህል እንደሚያመጣ ገምቺው። ስሎቬኒያዊው ብስክሌተኛ ታዴይ ፖጋቻርም ጂሮ ዲ ኢታሊያን፣ ቱር ደ ፍራንስንና የዓለም ሻምፒዮናን ባሸነፈበት በ2024 ወደ 165 ወርዶ ነበር፤ ቁመቱ 1.76 ነው። ክራንኩ አሸነፈለት አላልኩም። ዳገት ላይ ግን አላስቀረውም።

አሁን ወደ አንቺ። የክራንክ ርዝመት የሚመረጠው ፔዳሉ ታች ሲደርስ በሚሆነው አይደለም፤ ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚታየው። ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲወጣ ጉልበትሽ ከሁሉ በላይ ይታጠፋል፣ ጭንሽም ወደ ሆድሽ ይጠጋል። ቀና ብለሽ ስትነጂ ቦታ አለ። ስታጎነብሺ ቦታው ያልቃል፤ ያኔ ጉልበትሽ ማለፊያ ፍለጋ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዳሌሽም ተነስቶ ያሳልፈዋል። ወገብን አጉብጦ ከፍ ያለ ደረጃ እንደመውጣት ነው።

ብዙ ሰው የማያሰላው ደግሞ ይህ ነው፦ ክራንኩ በ7.5 ሚሊ ሲያጥር፣ እግርሽ ታች በትክክል እንዲዘረጋ ኮርቻውን በዚያው ልክ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ሁለቱ ሲደመሩ ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከኮርቻው በ15 ሚሊ ይርቃል። አንድ ሳንቲም ተኩል ነው! ቁጥሩ ትንሽ የሚመስለው መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ነው።

ከመግዛትሽ በፊት እንይ ያልኩሽ ኮርቻውን ነው። ኮርቻ ዝቅ ሲልም ጉልበት ከፊት ያማል፤ ክራንኩ በከንቱ እንዳይወነጀል። ፔዳሉን ታች አድርሰሽ ተረከዝሽን አስቀምጪበት፤ ዳሌሽ ሳያጋድል እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ቀጥሎ ብስክሌቱን ቤት ውስጥ በሚነዳበት ማሰልጠኛ ላይ አቁሚውና ስልክሽን ከፊት ለፊት፣ በጉልበትሽ ከፍታ አድርገሽ ቅረጪ። መጀመሪያ መሪውን ከላይ ይዘሽ ንጂ፣ ቀጥሎ ከታች። ቀና ስትዪ ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ጉልበት ስታጎነብሺ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ ክራንኩ ረዝሞብሻል።

የግራው ብቻ ማመሙ ግን አልተዋጠልኝም። ክራንክ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ጫማሽ ሥር ያሉትን፣ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፉትን ክሊቶች አገላብጠሽ አስተያያቸው፤ የግራው ዞሮ ወይም ወደ ፊት ሄዶ ይሆናል። ተስተካክሎም ሕመሙ ካልተወሽ ለሐኪም አሳዪው፤ እኔ ከብሎን በላይ አላክምም።

ስንት ትግዢ? ባዶ እግርሽን ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚና መጽሐፍ በእግሮችሽ መካከል ወደ ላይ አጥብቀሽ ያዢ፤ ከመጽሐፉ የላይ ጠርዝ እስከ ወለል ለኪ። ከዚያ 21 በመቶውን ውሰጂ የሚል ስሌት አለ። በ75 ሳንቲም 157.5 ሚሊ ይመጣል። በ92 ሳንቲም ሲሰላ ግን 193 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ክራንክ ተራ ሱቅ ውስጥ አታገኚም። ስለዚህ ስሌቱን አቅጣጫ ይጠቁምሽ እንጂ አይዘዝሽ። ኮርሳዎች በአብዛኛው የሚመጡት ከ165 እስከ 175 ባለው ነው፤ በመካከላቸው 6 በመቶ ልዩነት ብቻ አለ፣ የሰው እግር ግን ከዚያ እጅግ ይለያያል። ዕዳውን የሚከፍለው አጭሩ ሰው ነው። ላንቺ 165 እላለሁ፤ ልኬትሽ ከ75 በታች ከሆነ 160ንም አትፍሪው።

ስትቀይሪ ኮርቻውን በልዩነቱ ልክ ከፍ አድርጊ። ኮርቻው ከፍ ሲል መሪው ዝቅ እንዳለ ይቆጠራልና፣ ቦታ ካለ መሪውንም በዚያው ልክ አንሺው። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲፈታ ወደ ቀኝ ይዞራል። የአሁኑን ክራንክሽን ርዝመትም በዓይንሽ አረጋግጪ፦ ከክንዱ ጀርባ፣ ከፔዳሉ ቀዳዳ አጠገብ ተጽፏል። ቅባቱን በጨርቅ ጥረጊው።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.91 ነው፣ ክራንኬ 172.5። ምንም አያመኝም፤ ግን 177.5 ባደርግ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ ካላመመህ ተወው ወንድሜ። ፔዳልህ ዘንበል ብለህ በምትታጠፍበት ጊዜ 5 ሚሊ ለመሬት ይቀርባል፤ በምትኩ የምታገኘው ነገር አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ከ172.5 ወደ 165 ከቀየርኩ ወዲህ የኃይል መለኪያዬ 10 ዋት ያህል ጨምሮ ያሳየኛል። አጭር ክራንክ አቅም ይጨምራል ማለት ነው?

መልስ፦ መለኪያህ ፔዳሉ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው? እንደዚያ ከሆነ ክራንኩ እንደተቀየረ ማንም አልነገረውም። ፔዳሉ የሚያውቀው ግፊቱንና ፍጥነቱን ነው፤ የክንዱን ርዝመት ከአንተ ይጠብቃል። አሁንም 172.5 ብሎ እያሰላ ስለሆነ በ4.5 በመቶ ያጋንናል፤ 220 ዋት ስትሰጠው 230 ይልሃል። ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ 165 ጻፍና ሳይረገጥ ዜሮ እንዲያሳይ እንደገና አስተካክለው። መለኪያው የፊት ጥርሶቹ የሚታሰሩበት ላይ ከሆነ ግን ርዝመቱ አይመለከተውም፤ ያኔ ጭማሪውን ሌላ ቦታ ፈልገው።