ከጅማ ወደ ደጋ፦ በመፀው ከቤተሰብ ጋር ለመጓዝ ላሰቡት እህታችን

ውድ እህታችን፣ ሁለት ልጆችዎንና እናትዎን ይዘው ከክረምቱ በኋላ ሦስት ወይም አራት ቀን ተራራማ ስፍራ ለማሳለፍ ማሰብዎን ገልጸው፣ «ባሌ እንሂድ ወይስ የቀረበ ቦታ አለ? መቼስ እንነሣ?» ሲሉ የጠየቁትን አንብቤአለሁ። በሁለቱም አቅጣጫ ከቤተሰቤ ጋር የተጓዝሁ በመሆኔ ምክሬን በግልጽ እሰጥዎታለሁ፦ ቦታውን የሚመርጡት በእናትዎ ጉልበትና በትንሹ ልጅዎ ትዕግሥት ልክ ይሁን፤ ለዚህ ደግሞ ከባሌ ይልቅ በወሊሶና በአምቦ መካከል ያለው የወንጪ ሐይቅ ይስማማል።

ባሌን የማልመክረው ስለማልወደው አይደለም። በባሌ ተራሮች ፓርክ፣ ዲንሾ ላይ፣ ኒያላ የተባለውን የዱር እንስሳ በቅርብ ማየት ለልጅ የማይረሳ ነገር ነው። ነገር ግን ከጅማ ተነሥቶ ከሕፃናትና ከአረጋዊት ጋር እዚያ ለመድረስ ሁለት ቀን መመደብ ስለሚገባ፣ አራቱ ቀን በመኪና ውስጥ ያልቃል። ከዚህም በላይ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የባሌው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራም 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሰውነት ሳይለምደው በፍጥነት ሲወጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ሕመሙን በቃል ስለማያስረዳ ወላጅ በጊዜ አያውቅም። ባሌን ትምህርት ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ ያቆዩት።

ወቅቱን በተመለከተ፣ መፀው ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቢቆጠርም በእኛ አካባቢ ዝናቡ ጥቅምት ውስጥም ሊዘልቅ ይችላል። አደይ አበባውን ለማየት የሚጓጓ ሰው ለመስቀል ሰሞን መነሣት ይፈልጋል፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ጉራጌዎች ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ለበዓሉ ወደ አገራቸው ስለሚገቡ በወልቂጤ መስመር መኪናውም ማደሪያውም ይጨናነቃል፣ የደጋው መንገድም ገና ጭቃ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ ሰማዩ የጠራ፣ ገብሱም የሚያሸትበት ነው። ቡና ያላችሁ ቤተሰቦች ከሆናችሁ ለቀማው በዚያው ጊዜ ስለሚደርስ፣ ቤት የሚቀረውን ሰው አስቀድማችሁ ወስኑ።

በጉዞው ዋናው ጉዳይ መንገዱን በቀናት መከፋፈል ነው። ከጅማ እስከ ወሊሶ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በአሰንዳቦና በሶኮሩ አልፈው የግቤን ሸለቆ ሙቀቱ ሳይበረታ ቢሻገሩ መልካም ነው። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጆቹ ሆዳቸውን ሳይሞሉ፣ ቀለል ያለ ነገር ብቻ ቀምሰው ይነሡ። በሸለቆው ውስጥ ግን አይደሩ፤ ከዝናቡ በኋላ ያሉት ወራት ወባ የሚበረታባቸው ናቸው። ምሳውን ወልቂጤ በልተው ወሊሶ ይደሩ። ወሊሶ ፍል ውኃ ስላላት እናትዎ የመንገድ ድካማቸውን ያሳርፉባታል፣ ሁላችሁም ከፍ ወዳለው ስፍራ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት በመካከለኛ ከፍታ ታድራላችሁ። ከመነሣትዎ ቀደም ብለው በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ወቅታዊ ሁኔታ ይጠይቁ፤ በማታም አይጓዙ።

ወንጪ ከወሊሶ ወደ አምቦ በሚያሻግረው መንገድ ላይ ነው። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ሐይቅ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ዙሪያውን የከበበው ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በእግር ወደ ሐይቁ መውረድ ደስ ይላል፤ አዛውንትን የሚፈትነው መመለሻው ዳገት ነው። ስለዚህ እናትዎ ገና ከላይ ሳሉ ፈረስ ይከራዩላቸው፤ ዋጋውንም የደርሶ መልስ ብለው አስቀድመው ይነጋገሩ። ከሐይቁ ደሴት ላይ ወዳለው የቂርቆስ ገዳም በጀልባ መሻገር ልጆቹን በጣም ያስደስታል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከለማ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ሰው ስለሚመጣ፣ እዚያው ለማደር ካሰቡ ክፍሉን ቀደም ብለው ይያዙ፤ ካልሆነም ወሊሶ ተመልሶ ማደር ይቻላል።

ለጅማ አየር የለመደ ልጅ የደጋው ሌሊት ከባድ ነው፣ በኅዳርም ውርጭ ሊጥል ይችላል። ሹራብ፣ ካልሲና የጆሮ ኮፍያ ይያዙ፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ስለሚያቃጥል ባርኔጣ ያስፈልጋል። ቆሎና በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ቢይዙ፣ የሚጾምም ሆነ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ብቻ የሚበላ ሰው በመንገድ አይቸገርም። የእናትዎ የደም ግፊት መድኃኒት ካለ፣ መኪናው ላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ሁላችሁም ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግር ውጡ። እናትዎ በዚያ ዳገት በጣም ከተቸገሩ ወንጪን ለሌላ ጊዜ ትተው፣ በቦንጋ መንገድ ላይ «በለጠ» ወደሚባለው ጫካ ጠዋት ሄደው ማታ መመለስ ይችላሉ።