ከማሽላ አገዳ የወጣችው ተርብ አዲስ ዝርያ ናት ወይ? ስለ ጥገኛ ተርቦች ጥያቄና መልስ

በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ነፍሳትን ስሰበስብ፣ ሳሳድግና ስለይ ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ሰሞኑን አንድ የድሬዳዋ መምህር ያነሡልኝ ጥያቄ ሌሎች ብዙ ጥያቄዎችን ስላስከተለ፣ ሁሉንም በአንድ ቦታ መመለስ ይሻላል ብዬ እዚህ አቅርቤያቸዋለሁ። ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የባዮሎጂ መምህር፣ ድሬዳዋ)፦ ደንገጎ አካባቢ ባለ የዘመድ ማሳ የተበሳ የማሽላ አገዳ ሰንጥቄ ውስጡ ያገኘሁትን ትል በጠርሙስ አስቀመጥሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከትሉ አካል ሩዝ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች በብዛት ወጥተው ተከመሩ፤ ቆይቶም ከእነዚያ ውስጥ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ጥቋቁር ተርቦች ወጡ። ባሉኝ መጻሕፍት ፈልጌ አላገኘኋቸውም። አዲስ ዝርያ አግኝቼ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ በመጀመሪያ ትሉን ረግጠው ሳያልፉ በጠርሙስ ማቆየትዎ ትልቅ ሥራ መሆኑን ልንገርዎ። በወጥመድ የምንይዛት ተርብ በምን ላይ እንዳደገች አናውቅም፤ የእርስዎ ተርቦች ግን የየትኛውን ትል ሥጋ በልተው እንዳደጉ ከነማስረጃው ተይዟል። ሩዝ የመሰሉት ነገሮች እጮቹ የትሉን ቆዳ ቀድደው ከወጡ በኋላ ራሳቸው የፈተሏቸው የሐር ጎጆዎች ናቸው።

ከገለጻዎ ስነሣ ተርቦቹ ኮቴሲያ ከሚባለው ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዚህ ወገን የአገዳ ቆርቁርን (አገዳ ውስጥ ገብቶ እየቦረቦረ የሚበላውን ትል) በማጥቃት በአገራችን በደንብ የታወቁት ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ በ1906 ስም የወጣላት አፍሪካዊቷ ኮቴሲያ ሰሳሚዬ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ በ1891 የተሰየመችው እስያዊቷ ኮቴሲያ ፍላቪፔስ ናት። ይህች ሁለተኛዋ ከእስያ የመጣውን የአገዳ ቆርቁር እንድትቀንስ በ1993 ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች፤ እኛ አገር ደግሞ ማንም ሳይለቃት ከጎረቤት ተሻግራ ሠፍራ ተገኘች። ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ በእርግጠኝነት የሚለዩት የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ በማየት ወይም በዲኤንኤ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ተርብ ከሁለቱ አንዷ የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው።

አዲስ ልትሆን አትችልም ማለቴ ግን አይደለም። «አዲስ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል፤ ለሳይንስ ጨርሶ ያልታወቀች ዝርያ፣ በሌላ አገር የታወቀች ሆና ለኢትዮጵያ አዲስ የሆነች፣ ወይም የታወቀች ተርብ ከዚህ በፊት ባልተመዘገበ ትል ላይ መገኘቷ። ሦስቱም ተጽፈው መቀመጥ የሚገባቸው ናቸው፤ እኔ ሦስተኛውን ከማንም አሳንሼ አላየውም።

ጥያቄ (የልጆች እናት፣ ሐረር ጀጎል)፦ ልጆቼ ተርብ ሲባል ይሸሻሉ። እነዚህስ ይነድፋሉ? «ጥገኛ» ሲባልስ እንደ መዥገር ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጥገኛ ተርቦች አብዛኞቹ ሰውን ለመውጋት የሚያስችል ነገር የላቸውም። ማታ ወደ መብራት የሚመጡ አንዳንድ ረጃጅም ቡናማ ተርቦች በእጅ ከተያዙ ይወጉ ይሆናል እንጂ ሰውን አሳድደው አይነድፉም። መዥገርን በተመለከተ ልዩነት አለ፤ መዥገር ከላሟ ደም ይመጣል፣ ላሟ ግን በሕይወት ትቀጥላለች። ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን በሌላ ነፍሳት አካል ውስጥ ወይም ላይ ትጥላለች፤ እጯም አስተናጋጁን በልታ ስትጨርስ አስተናጋጁ ይሞታል።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሐረማያ)፦ አንድ ተርብ አዲስ ዝርያ ናት ብሎ ለማሳወቅ ሥራው ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል?

መልስ፦ ከሁሉ በላይ በትዕግሥት ልመልሰው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች ዋናው ነገር ተርቧን መያዝ ይመስላቸዋል፤ ድካሙ ያለው ግን በማነጻጸር ላይ ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቧ ይለያል። በእኛ ሥራ የክንፍ ሥሮች ብዙ ይናገራሉ፤ ለምሳሌ ኢክኒውሞኒዴና ብራኮኒዴ የሚባሉት ሁለት ታላላቅ ቤተሰቦች በአብዛኛው የሚለዩት በፊት ክንፍ ላይ ባለች አንዲት ሥር መኖር ወይም አለመኖር ነው። ኢክኒውሞኒዴ ብቻውን ስም ያላቸው ከ25,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ስለዚህ ቤተሰቡን ማወቅ በር ላይ እንደ መድረስ ብቻ ይቆጠራል። ቀጥሎ ወገኗ ይታወቃል፤ ከዚያም በዚያ ወገን ውስጥ ያሉ የአፍሪካና የአጎራባች አካባቢ ዝርያዎች አንድ በአንድ ይታያሉ። የጥንት ጸሐፊዎች አንዲትን ተርብ «ጥቁር፣ እግሯ ቢጫ» በሚል መልክ በጥቂት መስመር ገልጸው ስላለፉ፣ ጽሑፋቸውን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ስሙ የተሰጠበትን የመጀመሪያውን ናሙና ማየት ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት የተሰየመችን ተርብ እንደገና ሊሰይም ይችላል፤ ከ1758 ወዲህ ከወጡት ስሞች ደግሞ ቀዳሚው ስለሚጸና የእሱ ስም ይወድቃል።

አንዲት ተርብ ብቻ ይዞ መፍረድም አደገኛ ነው። ትንሽ ትል ውስጥ ያደገች ተርብ ትንሽ ትሆናለች፤ በቅዝቃዜ ያደገች ደግሞ ልትጠቁር ትችላለች። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ድሬዳዋና 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ሐረር የተሰበሰቡ እኅትማማች ተርቦች በቀለም ቢለያዩ፣ ልዩነቱ የአየር ጠባይ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ዝርያ ናቸው ለማለት መቸኮል አይገባም። ስለዚህ ሴትም ወንድም፣ በርከት አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። የአንቴናዋ ክፍሎች ይቆጠራሉ፤ የእንቁላል መጣያዋ ርዝመት ከኋላ እግሯ ቅልጥም ጋር ይነጻጸራል፤ በደረቷና በሆዷ መጀመሪያ ላይ ያለው ሸካራነት፣ ንቅስና ልስላሴ ይመዘገባል።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ከናሙናዎቹ አንዷ ሆሎታይፕ ተብላ ትመረጣለች፤ ስሙ ለዘለዓለም የሚታሰረው በእሷ ላይ ነው። ሌሎቹ ፓራታይፕ ይባላሉ። ጽሑፉ ተርቧን ከቅርብ ዘመዶቿ የሚለያትን ምልክት፣ ሙሉ ገለጻዋን፣ የተገኘችበትን ቦታ፣ ከፍታና ቀን፣ ያደገችበትን አስተናጋጅ፣ የስሟን ትርጉም እንዲሁም ሆሎታይፑ የሚቀመጥበትን ተቋም ይይዛል። ከ2000 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አራተኛው እትም የእንስሳት ስያሜ ሕግ ሆሎታይፑ በግልጽ እንዲጠቀስ ያስገድዳል። በ2012 በተደረገው ማሻሻያ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ጽሑፍም ተቀባይነት አግኝቷል፤ ይህ የሚሆነው ግን ጽሑፉ ዙባንክ በተባለው መዝገብ ላይ አስቀድሞ ከተመዘገበ ነው።

ጥያቄ (ይኸው ተማሪ)፦ ስንት ጊዜ ይወስዳል?

መልስ፦ በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ ናሙና ከተሰበሰበ በኋላ እንደ አዲስ ዝርያ ተጽፎ እስኪወጣ በአማካይ 21 ዓመት እንደሚቆይ አሳይቷል። እኔን የሚያሳዝነኝ ተርቧ በመሳቢያ ውስጥ እያለች የተሰበሰበችበት ጫካ ሊጠፋ መቻሉ ነው።

ጥያቄ (የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ)፦ ዲኤንኤ እያለ ይህ ሁሉ ልኬት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ጥያቄው በባለሙያዎች መካከልም ብርቱ ክርክር ያስነሣ ነው። ለነፍሳት ባርኮድ (ዝርያን ከዝርያ ለመለየት እንደ መታወቂያ የሚነበብ ምልክት) የሚያገለግለው 658 ፊደል ያለው የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ዓይን አንድ ነው ያለውን ብዙ ጊዜ ከፋፍሎ አሳይቷል። በኮስታሪካ አንድ ጥብቅ ሥፍራ ላይ ባርኮድን፣ መልክንና አስተናጋጅን አጣምሮ በ2014 የወጣ ሥራ፣ አፓንቴለስ ከተባለው ወገን ብቻ 186 አዳዲስ ዝርያዎችን ሰይሟል። በ2021 ደግሞ ከዚያው አገር 403 ተርቦች በአብዛኛው በባርኮድ ላይ ተመሥርተው፣ በጣም አጭር በሆነ ገለጻ ተሰየሙ፤ ክርክሩ የተጋጋለው ያን ጊዜ ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ባርኮዱ ናሙናዎቹን በየክምራቸው ይለይልኝ፣ እያንዳንዱ ክምር ግን በመልክም ይገለጽ። ጉርሱም ላይ ማጉያ መነጽር ብቻ የያዘ የግብርና ባለሙያ ዲኤንኤ ሊያስነብብ አይችልም፤ ተርቧን በዓይኑ እንዲያውቃት ካልረዳነው ስሟ ከእኛ ክፍል አይወጣም።

ጥያቄ (ነጋዴ፣ ሐረር)፦ ስሟን በከተማችን ወይም በእናቴ ስም መሰየም ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ስሙ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት፤ «ሐራረንሲስ» ቢባል «የሐረር» ማለት ይሆናል። በእናትዎ ስም ከሆነ የሴትነት ባለቤትነት መድረሻ ይጨመርበታል። በራስ ስም መሰየምን ሕጉ ባይከለክልም በሙያው ዘንድ እንደ ነውር ይታያል። በጋዜጣ ወይም በፌስቡክ ብቻ የወጣ ስም ግን እንደ ስም አይቆጠርም።

ጥያቄ (የበቆሎና የማሽላ ገበሬ፣ ሐረማያ አካባቢ)፦ እኛ የምንፈልገው ትሉ እንዲጠፋልን ነው። የተርቧ ስም ለእኛ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሁለት ታሪክ ልመልስልዎት። በ1970ዎቹ ካሳቫን የሚያደርቅ ሚሊባግ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ትንሽ ነፍሳት) ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ ገብቶ የብዙ ሕዝብ ምግብ የሆነውን ሰብል ማጥፋት ጀመረ። ባለሙያዎች የተፈጥሮ ጠላቱን ፍለጋ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዱ፤ በስተሰሜን በኩልም እሱኑ የሚመስል ሚሊባግ አገኙ። ከዚያ የመጡት ተርቦች ግን የአፍሪካውን ሚሊባግ እምቢ አሉ። ነገሩ ሲመረመር ሁለቱ ሚሊባጎች የሚመሳሰሉ ይሁኑ እንጂ የተለያዩ ዝርያዎች ነበሩ። ትክክለኛው በ1981 ፓራጓይ ውስጥ ሲገኝ፣ አብራው የተገኘችው ተርብ አናጊረስ ሎፔዚ ወደ ናይጄሪያ መጥታ ተለቀቀች፤ ከዚያም በአህጉሩ ተስፋፍታ ሚሊባጉን አዳከመችው። ሥራውን የመሩት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ይህች ተርብ ስም የወጣላት በ1964 አርጀንቲና ውስጥ ነበር፤ ያኔ አፍሪካን ታድናለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ የራሳችን ነው። ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች በ2017 አገራችን ገብቶ በቆሏችንን ሲበላ፣ በዚያው ዓመት ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለች ተርብ ከኬንያ በተገኙ ናሙናዎች አዲስ ዝርያ ሆና ተገለጸች፤ ያደገችውም በአሉማ ቅጠል ላይ ከሚገኙ ትሎች ነው። ብዙም ሳይቆይ በኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳዎች መጤውን ተምች እያጠቃች ተገኘች፤ በጥናቱ ከታዩት ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በእሷ የተያዙ ነበሩ። ስሟ ባይኖር ኖሮ የጥናቱ ሰዎች «አንዲት ትንሽ ጥቁር ተርብ» ብለው ያልፉ ነበር፤ የኬንያው እውቀትና የእኛው እውቀትም አይገናኙም ነበር።

ለእርስዎ የምመክረው አለ። ነጭ የጎጆ ክምር የተጣበቀበትን ቅጠል ሲያዩ የትል እንቁላል መስሎዎት አይጨፍልቁት። ትሉ ገና ሳይታይ በደፈናው የሚረጭ መድኃኒትም መጀመሪያ የሚጨርሰው ተርቦቹን መሆኑን ያስቡበት።

ጥያቄ (ጡረተኛ መምህር፣ ድሬዳዋ ከዚራ)፦ የአገራችን ናሙና ለምን በውጭ ሙዚየም ይቀመጣል?

መልስ፦ አባቴ፣ ቁጭትዎን እጋራለሁ። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ብዙ የጥንት ናሙናዎች በአውሮፓ ሙዚየሞች ናቸው፤ ተማሪዎቻችንም ለማነጻጸር እዚያ ድረስ መጻፍ ወይም መሄድ አለባቸው። ዛሬ ግን አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በእኛ አቆጣጠር) የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ከዚህ በኋላ የሚሰየሙት ተርቦቻችን ሆሎታይፕ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ባለ የአገር ውስጥ ስብስብ ቢቀመጥ፣ ፓራታይፖቹም ለውጭ ሙዚየሞች ቢከፋፈሉ እመርጣለሁ። በአንድ ቤት የተከማቸ ነገር በአንድ እሳት ይጠፋልና።

ጥያቄ (የመጀመሪያው መምህር)፦ እንግዲህ ጠርሙሱን አሁን ምን ላድርገው?

መልስ፦ ከተርቦቹ ግማሹን 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይክተቱ፤ ዲኤንኤው እንዳይበላሽ ከፀሐይና ከሙቀት ያርቁት፣ በድሬዳዋ ሙቀት ማቀዝቀዣ ቢያገኙ ይመረጣል። የቀሩትን አድርቀው በትንሽ ሣጥን ያስቀምጡ። የሐር ጎጆዎቹን አይጣሉ፤ የትሉን ቅሪት፣ በተለይ ራሱን፣ ለብቻው በአልኮል ያቆዩ፤ የትሉ ዝርያ የሚረጋገጠው በእሱ ነውና። ከዚያም በእርሳስ (ቀለም በአልኮል ይለቃል) የማሳውን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ትሉን ያወጡበትንና ተርቦቹ የወጡበትን ቀን፣ ሰብሉ ማሽላ መሆኑንና ስምዎን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ወረቀቱን ከተርቦቹ ጋር አልኮሉ ውስጥ ያስገቡት። ሐረር በሚመጡበት ቀን ይዘውልኝ ይምጡ፤ አንድ ወንድ መርጠን በማይክሮስኮፕ አብረን እናየዋለን።