እንዳሉት ይሁን

የፍልሰታ ጾም ነበር። አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቼ፣ ከዝዋይ የመጣ ቆሮሶ ገዝቼ አጸዳሁና፣ አመድ ነስንሼ ያሰነበትሁትን ሆድ ዕቃውን ሰበታ ባለችው ጠባብ ግቢዬ ከዱባው ሥር ስቀብር ጎረቤቴ የሆነች ተማሪ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ከማን ተማሩት? ስሙስ ምን ይባላል?»

የመጀመሪያውን መለስሁላት። ሁለተኛውን አላውቀውም። ያወቅሁት ለግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም ከአርባ ዓመት በፊት። ይህን ደብዳቤ ለእናንተ ለወጣቶቹ የምጽፈው እርሷ ከጠየቀችኝ ወዲህ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከጣና በስተ ሰሜን ወደ ደንቢያ ተላክሁ። ከዚያ ቀደም ዘጌ ደርሼ፣ በሬ የማይጠመድበትን፣ በቡናና በጌሾ የሚኖረውን አገር አይቼ ስለ ነበር ጣናን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሥራዬ አሳ አጥማጆቹ ቤት ምን ዓይነት የጓሮ አትክልት እንደሚለማ መመዝገብ ነው።

ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ግንቦት ቀስ በቀስ ይሸሻል። ሲሸሽ የሚተወውን ጥቁር መሬት የአገሩ ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ለእርሱ ጣና ሐይቅ ሳይሆን ባሕር ነው። ሽምብራውና ጓያው ውኃውን እግር በእግር እየተከተለ ይዘራበታል። በቆሎን የባሕር ማሽላ ሲሉት ግን ሌላ ባሕር ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለታቸው ነው፣ እንጦጦን እንደ ሸፈነው ባሕር ዛፍ። እኔ «በሐይቅ ዳር የሚበቅል የማሽላ ዝርያ» ብዬ ልመዘግበው ስል ሾፌራችን ነው ከውርደት ያዳነኝ።

አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሌሊት በደንገል ታንኳ ወጥተው ያመጡትን አምባዛ ደጃፍ ላይ ያጸዳሉ፤ ሆድ ዕቃውን በሰባራ እንስራ ውስጥ አመድ እየነሰነሱ ያጠራቅማሉ። ከሰነበተ በኋላ ከዱባው ግንድ ክንድ ያህል አርቀው ይቀብሩታል። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ ጅብም ይጠራል አሉኝ። ያንን የሰነበተ ነገር የሚጠሩበት ቃል ነበራቸው። ሌላም ቃል ነበራቸው፤ ባሕር ሸሹ ለዘር መድረሱን የሚናገሩበት። እፍኝ ጭቃ አንሥተው ይጨብጣሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ይዘረጋሉ። የጣቶቻቸው ምልክት ሳይፈርስ፣ መዳፋቸውም ላይ ሳይጣበቅ ከቀረ ቃሏን ይናገሩና ፈገግ ይላሉ። መዳፋቸውን ዛሬም አየዋለሁ። ቃሏ ግን የለችም።

የያዝሁት ቅጽ «የአካባቢ መጠሪያ» የሚል ጠባብ ዓምድ ነበረው፤ ከጎኑ «ትክክለኛ ስም» የሚል ሰፊ ዓምድ።

«ማዳበሪያ ማለትዎ ነው?» አልኋቸው። ቃላቸውን ደገሙልኝ።

«እርሱማ ማዳበሪያ ነው የሚባለው፣ እናቴ።»

ትንሽ አዩኝና «እንዳሉት ይሁን፣ የኔ ጌታ» አሉ።

ማዳበሪያ ብዬ ጻፍሁ። ለጭቃውም እርጥብ አፈር። ጠባቡን ዓምድ ባዶውን ተውሁት። በማግስቱ በደጃቸው ሳልፍ ልጃቸውን «ማዳበሪያውን አምጪ» ሲሏት ሰማሁ፤ ያስተማርኋቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ሪፖርቴም ንጹሕ ነው ተብሎ ተመሰገነ።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ እምቦጭ ጣናን መውረሩ በታወቀ ሰሞን፣ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ሄድሁ። ሴትዮዋ አርፈዋል። ልጃቸውን አገኘኋትና ያንን ከዱባ ሥር የሚቀበረውን ምን ትሉታላችሁ ብዬ ጠየቅኋት። «ማዳበሪያ ነዋ» አለችኝ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ገደማ በጣና ዳር ጉማሬ እያደኑ ይኖሩ የነበሩትን የወይጦዎችን ቋንቋ ለማወቅ ፈልጎ ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስመጥቶ ነበር። ትሰቀላላችሁ ብለው ቢያስፈራሯቸውም አንዲት መልስ አላገኘም። ዛሬ ያ ቋንቋ የለም፤ ወይጦዎች አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ሲደርስ ከጠፋው ቋንቋ የተረፈ አንድ ዘፈን ሰማ፤ ዘፋኙ ራሱ ግን ከጥቂት የጉማሬ የአካል ክፍሎች ስም በቀር ትርጉሙን አያውቀውም ነበር። ብሩስን ባነበብሁ ቁጥር እፈርድበት ነበር። አሁን አሁን ግን የእርሱን ገመድና የእኔን ቅጽ ማወዳደር ይዣለሁ።

በጠዋት ተነሡ፣ መጽሐፍ አንብቡ አልላችሁም፤ እናቶቻችሁ ብለዋችኋል። አንድ ነገር ግን ያበሳጨኛል፤ ሰው እያወራችሁ ስልካችሁን ታያላችሁ። እኛ ቢያንስ ዓይን ዓይን እናይ ነበር። ደግሞ ምን ዋጋ ነበረው? እያየኋቸው አይደል ያልሰማኋቸው? ያኔ ያ ስልክ በኪሴ ቢኖር ድምፃቸው እስካሁን በእጄ ነበር። እንግዲያው ፈቃድ ጠይቁና አውጡት፣ ቅዱ። ሰው የተናገረውን እንዳለ ጻፉ፤ ካልገባችሁ እጁ ያደረገውን ጻፉ። የራሳችሁን ቃል ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ጨምሩበት።

ይህንኑ ሁሉ ለልጅቱ ነገርኋት፣ ጥሩ ተናጋሪ መስዬ። ዝናቡ መደቡ ላይ ተኝቶ ነበርና ዶማ አንሥታ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ፈሰስ ላውጣለት?» አለችኝ። አያቷ ጎጃሜ ናቸው።

«ቦይ ነው የሚባለው» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዳሉት ይሁን፣ ጋሼ» አለችና ሳቀች።

ዶማውን ተቀበልኋትና ፈሰሱን ማውጣት ጀመርሁ።