ለጥር ሠርጌ መርፌውን ልጀምር ወይ ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤ ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 31፣ ቁመትሽ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደትሽ 84 ኪሎ ነው። ሠርግሽ ጥር ላይ ነው፤ ከሠርጉ በኋላም ሳትቆዩ ልጅ ትፈልጋላችሁ። ውጭ የምትኖረው እህትሽ ኦዜምፒክ የሚባለውን፣ ክብደትም የሚቀንሰውን የስኳር መርፌ በሰው ልትልክልሽ ስለሆነ «ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሹ ተአምር ነው ብለውሻል፤ ግማሹ ደግሞ ይገድልሻል ብለው አስፈራርተውሻል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የስኳር ታማሚ ነኝ፤ ይህንኑ መርፌ በሐኪም ትእዛዝ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ወስጃለሁ። ከ91 ኪሎ ወደ 81 ወርጃለሁ። መድኃኒቱ ይሠራል። ለአንቺ ግን አሁን ጊዜው አይደለም፤ ምክንያቴን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ አውጪ። በኦዜምፒክም ሆነ ለውፍረት ተብሎ በተፈቀደው ዊጎቪ ውስጥ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሴማግሉታይድ ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን ይወጋሉ። የሚጀመረው በ0.25 ሚሊግራም ነው፤ የመጀመሪያው አንድ ወር ሆድን ለማለማመድ እንጂ ለመክሳት አይደለም። ከዚያ በየአራት ሳምንቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። ዊጎቪ የተለመደው መጠኑ 2.4 ሚሊግራም ላይ ለመድረስ 16 ሳምንት ይፈልጋል። ዛሬ ጥቅምት ነው፤ እስከ ጥር ያለሽ 13 ሳምንት ገደማ ነው። ሙሽራ ሆነሽ ስትቀመጪ ገና ደረጃውን እየወጣሽ ነው ማለት ነው። ማቅለሽለሹ ደግሞ የሚበረታው መጠኑ በሚጨመርባቸው ሳምንታት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማ ማቆም አለባት። ጥቅምት ጀምረሽ፣ ጥር አግብተሽ፣ ወዲያው ልታረግዢ ከሆነ የምታቆሚው ገና ሳትጀምሪው ነው። ካቆሙት ደግሞ ኪሎው ይመለሳል። ስኳር በሌለባቸው 1,961 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ምክር ጋር ለ68 ሳምንት የተወጉት በአማካይ ከክብደታቸው 14.9 በመቶ ቀንሰዋል፤ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ብቻ። ከእነዚሁ ሰዎች የተወሰኑትን ካቆሙ በኋላ አንድ ዓመት ሲከታተሏቸው ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ይህ የሰዎቹ ድክመት አይደለም። መድኃኒቱ አንጀታችን ከምግብ በኋላ የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን መስሎ ይሠራል፤ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል፤ ለአንጎል «ጠግበሻል» ይለዋል። መልእክተኛው ሲቀር ረሃቡ ይመለሳል።

«ዝም ብለሽ ምግብ ቀንሺ፣ ቅብጠት ነው» ያሉሽን ግን አትስሚ። ይህ አነጋገር ሁልጊዜ ያበሳጨኛል። ሐኪሞች ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያመዛዝኑበት ስሌት፣ 84ን ለ1.62 ሁለት ጊዜ ስናካፍል 32 ይመጣል። ሐኪሞች ለዚህ ዓይነት መድኃኒት የሚያስቡት ከ30 ጀምሮ ነው፤ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለ ከ27 ጀምሮ። አንቺ ከመስመሩ በላይ ነሽ። ውፍረት የሆዳምነት ቅጣት አይደለም፤ ሕክምና መፈለግሽም የሚያሳፍር አይደለም።

አሁን በራሴ የደረሰውን ላጫውትሽ፤ በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ምን እንደሚያመጣ የተማርኩት በዚህ ነው። በሰፈሬ ፋርማሲዎች ጠይቄ ስላጣሁት የወንድሜ ልጅ ነበር የሚያመጣልኝ። አንድ ጊዜ ጉዞው ተራዘመና ሰባት ሳምንት ያለ መርፌ ቆየሁ። መድኃኒቱ ሲደርስ በደስታ የቀድሞውን 1 ሚሊግራም ወጋሁ። እንዲህ ያለ ክፍተት ሲፈጠር ሐኪም ሳይጠየቅ ካቆሙበት እንደማይቀጠል አላወቅሁም ነበር። ማታ ምስር በእንጀራ በልቼ ተኛሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማስመለስ ጀመርኩ፤ ውኃ እንኳን አልቆይልህ አለኝ። የዋጥኩት ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ክኒን ደግሞ በባዶ ሆዴ ስኳሬን ያወርደዋል። እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቀኝ ለካሁት፤ 52 ይላል። ጎረቤቴ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጥታ ስኳር በጥብጣ በማንኪያ እያጎረሰች አተረፈችኝ። በማግስቱ ሐኪሜ የሚቀጥለውን መርፌ ከታች፣ ከ0.25 እንድጀምር አዘዘኝ፤ ግሊቤንክላማይዱንም አስቆመኝ። መጀመሪያውኑ ደውዬ ብጠይቅ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ስለ መብራት መጥፋት ብዙ ሰው ይጨነቃል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ኦዜምፒክ ግን ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ ከማቀዝቀዣ ውጭም ለ56 ቀን ያገለግላል። በእኛ ብርድ መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አያበላሸውም። የሚያበላሸው በረዶ ነው። አንዱን የማቀዝቀዣው የኋላ ግድግዳ ላይ አስጠግቼ አስቀምጬው ጠዋት በረዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ቢቀልጥም አይወጋም፤ ጣልኩት። የአንድ ወር መድኃኒት በአንድ ሌሊት ሄደ። ስለዚህ በአውሮፕላን ሲመጣም ከእጅ ሻንጣ ውጭ መሆን የለበትም።

አወጋጉ ራሱ ከምትፈሪው ይቀላል። እስክሪቢቶ የሚመስል ነገር ነው። ጫፉ ላይ የምትገጠመው መርፌ 4 ሚሊሜትር ናት፤ ከስንዴ ቅንጣት አትረዝምም። ከእምብርት ራቅ አድርጌ ሆዴ ላይ እወጋለሁ፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ሲደርስ ቀስ ብዬ እስከ ስድስት ቆጥሬ አወጣዋለሁ።

የሚከብደው ገበታው ነው። በማኅበር ቤት «በሞቴ» ተብሎ የተጎረሰ አንድ ጉርሻ እስከ ማታ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ የቆየበት ቀን አለ። እምቢ ስትዪ ሰው ይቀየማል፤ ስትከሺ ደግሞ «ምን ነካሽ፣ ታመሽ ነው?» ይሉሻል። እኔ ለቅርቦቼ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ያኔ ተዉኝ። በጾም ወቅት ለንስሐ አባቴም ለሐኪሜም ተናግሬ የጾም ምግብ እበላለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን አልቆይም። ውኃ ሳይጠጡ መዋል ከዚህ መርፌ ጋር አይሄድም፤ የሆድ ድርቀቱ ያሠቃያል። ከሚቀንሰው ኪሎም ከፊሉ ጡንቻ ስለሆነ ምስሩን፣ ሽሮውንና ባቄላውን አስቀድሜ በልቼ እንጀራውን ለመጨረሻ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሐሰተኛው በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ብራዚል፣ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ የተገኘ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ እንዳለ በሰኔ 2024 አስጠንቅቋል። የሐኪም ትእዛዝ ሳይጠይቅ የሚሸጥልሽን ሰው አትመኚ።

እንግዲህ ለእህትሽ ዛሬውኑ ደውዪና አትላኪው በያት። ከዚያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ካርድ አውጪ። ግፊትሽንና ስኳርሽን ይለኩልሽ፤ ልጅ እንደምትፈልጊም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ከቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው ካለ፣ የሐሞት ጠጠር ወይም የቆሽት ሕመም ካለብሽ ሳይጠይቁሽ ተናገሪ፤ መርፌውን ሊያስከለክሉ የሚችሉ ናቸው። እስከ ጥር ደግሞ ለስላሳ መጠጡንና የምሽቱን ሁለተኛ እንጀራ ትተሽ በየቀኑ ብትራመጂ አራት አምስት ኪሎ ልትቀንሺ ትችያለሽ፤ ቀሚሱንም የሚሰፋልሽ ሰው በዚያው ይለካሽ። ወልደሽ፣ አጥብተሽ ጡት ካስጣልሽ በኋላ ሐኪምሽ መርፌውን ካዘዘልሽ ጻፊልኝ፤ ቤቴ ድረስ መጥተሽ አወጋጉን በእጄ አሳይሻለሁ።